የኢክራ ሰደቃ

የካቲት 8፣ እሑድ፣ ደሴ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለኒካዬ የምጠራቸውን ሰዎች ስም ልጽፍበት ነበር። አሥራ ሁለት ስም ጽፌ ገጹን ቀደድኩት። ተናድጃለሁ። ስናደድ ወይ እጮኻለሁ ወይ እጽፋለሁ፤ በዚህ ቤት ደግሞ መጮኽ የሚፈቀደው ለእማዬ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ኢክራን ለክትትል ሆስፒታል ወስደናት ነበር። ኢክራ ታናሽ እህቴ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አሥረኛ ክፍል። ከታመመች ሁለት ዓመት ሆናት። ሐኪሞቹ የአእምሮ ሕመም መሆኑን ከነስሙ ነግረውናል፤ እኛ ቤት ግን ስም የለውም፣ "የሷ ነገር" ነው የሚባለው። አምና ራሷን ጎድታ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል የተኛችበት ደግሞ "ያ ጊዜ" ይባላል። ለጎረቤት የተነገረው ታይፎይድ ነው።

ሲስተር ኩኩ፣ የክትትሉ ነርስ፣ ከወረቀት ላይ እያየች ጠየቀችን። ትምህርት ቤት የሚያሾፍባት አለ? በጦርነቱ ጊዜ የት ነበራችሁ? እንቅልፍ ትተኛለች? ከቤተሰብ ውስጥ ራሱን የጎዳ ሰው አለ? እዚች ላይ እማዬ ጥያቄው እንኳ ሳያልቅ "የለም፣ አልሃምዱሊላህ" አለች። አጎቴ ፉርቃን፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ወንዝ ወሰደው ነው የሚባለው። የሞተው የካቲት ውስጥ ነው። በየካቲት ሰው የሚወስድ ወንዝ በኛ አገር የለም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔም ስልኬን ማየት ቀጠልኩ።

ሲስተር ኩኩ አጥብቃ የተናገረችው ይህን ነው። መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ነው፣ አይታለፍም። ቀኑን ሙሉ ውኃ ትጠጣለች። እንቅልፏ አይቆራረጥም። ስለዚህ ዘንድሮ አትፆምም። መድኃኒቱንም እሷ ራሷ አትይዘውም፤ ትልቅ ሰው ይይዝና ስትውጥ ያያል። "ማን ይይዛል?" ስትል እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ፣ ሚኒባስ ውስጥ

ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሥራ እየወረድኩ ነው። ጽሑፌ የተንቀጠቀጠው በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ነው።

ነገ ፆም ይገባል እየተባለ ነው። ትናንት እማዬና አባባ ስለ ኢክራ ተከራከሩ፣ ክርክር ከተባለ። አባባ ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ አለው። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ ይውልና ቤት ሲገባ ምላሱን ሱቁ ውስጥ ቆልፎበት ይመጣል። ኢማሙን ጠይቆ ነበር፤ የታመመ ሰው አይገደድም፣ ኃጢአትም የለበትም ብለውታል። ይህን ብቻ ተናገረ።

"ኢማሙ የሚኖሩት መስጊድ ነው" አለች እማዬ። "እኔ የምኖረው ጎረቤት መሀል ነው።"

ከዚያ ቀን መቁጠር ጀመረች። ሴት ልጅ በወር አበባዋ ሰባት ቀን ብትበላ ማንም አይጠይቅም። በስምንተኛው ቀንስ? በአሥረኛው ምን ሊባል ነው? መጋቢት 6 ደግሞ የሱሀይብ እናት እትዬ መዲና ከኮምቦልቻ እኛ ቤት ሊያፈጥሩ ይመጣሉ። ሱሀይብ እጮኛዬ ነው፤ ደሴ ተከራይቶ ይኖራል፤ ፋብሪካው ውስጥ እሱ ማሽን ይጠግናል፣ እኔ የልብስ ስፌት ጥራት አያለሁ። ኒካው ከኢድ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ነው። ስለ ኢክራ አያውቅም። አጋጣሚ አልተገኘም።

እማዬ ወሰነች። ኢክራ ትፆማለች። የጠዋቱን መድኃኒት ጎህ ሳይቀድ ሱሑር ላይ ብትውጠው ቀኑን ሙሉ በጥም ትቃጠላለች፣ ስለዚህ እስከ ኢድ ይቆያል፤ የማታው ይበቃታል። ነርሷ ክርስቲያን ናት፣ ስለ ፆም ምን ታውቃለች አለች። ሲስተር ኩኩ እኮ ትናንት ሁዳዴ የጀመረች ሴት ናት!

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ኢክራ እየፆመች ነው፤ እውነት ለመናገር ደስ ብሏታል። ስፆም እንደ ሰው ነኝ አለችኝ። ሱሑር ላይ ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች። ተኝታ ከሆነ ነው እንግዲህ የምትነሳው።

ዛሬ ደግሞ በየክፍሉ እየዞረች አፉ በሉኝ አለች። አባባን፣ እማዬን፣ እኔን። ጎረቤታችንን ዘይቱናን እንኳ በአጥር ላይ ጠርታ አፉ በይኝ አለቻት። እማዬ በደስታ አለቀሰች። ረመዳን ልቧን ከፈተላት ትላለች። እኔ ግን ደሜ ነው የፈላው። ይቅርታ መጠየቅ ያለባት እሷ ናት? ክፍል ውስጥ "ወፈፌዋ" እያሉ የሚጠሯት ልጆች ናቸው መጥተው በራችን ላይ መንበርከክ ያለባቸው። ወንበሯ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፍቶ ከጥር ጀምሮ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው።

"አፉ ብዬሻለሁ፣ ምን አድርገሽኝ ነው ግን?" አልኳት።

"ብዙ አስቸግሬሻለሁ።"

አቀፍኳት። ጎበዝ ነሽ፣ እስከ ኒካው ቻይው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው አልኳት። እሺ አለች። ኢክራ እሺ ካለች እሺ ነው።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

የሚበላው በልቶ ይመለሳል፣ እኛ የምንፆመው እዚሁ ወንበራችን ላይ ነን። ራሴን አሞኛል።

እማዬ ስልክ ደወለች፣ ስለ መጋረጃ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ስለ መጋረጃ!

የማታውን መድኃኒት እማዬ እንድትሰጣት ካደረግሁ አራት ቀን ሆነ። ስመለስ ደክሞኝ ነው፣ ከዚያ ማፍጠሪያ፣ ከዚያ የተራዊህ ሶላት። አንድ ነገር ነው የጠየቅኳት። ካርቶኑን ኩሽና መደርደሪያ ላይ አስቀምጣው ኢክራ ራሷ አንስታ ትወስዳለች። "ጀሊላ፣ ትልቅ ልጅ ናት፣ አላምንሽም ልበላት?" አለችኝ። በዚህ ቤት አንድም ነገር በሰው ላይ የሚጣል አይደለም።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደስ የሚል ነገር ልጻፍ። ኢክራ የእጅ ሰዓቷን ሰጠችኝ። አባባ ስምንተኛ ክፍል ስታልፍ የገዛላትን፣ ስትታጠብ እንኳ የማታወልቀውን። ለኒካሽ ነው፣ ከአሁኑ አድርጊው አለችኝ። አይሆንም ብል ፊቷ ጠቆረ፣ ስለዚህ አደረግሁት። ያምርብኛል።

ለዘይቱና ልጅ ሁለት ቀሚስ ሰጥታለች፤ አንዱ አንዴ ብቻ የለበሰችው ነው። እማዬ ለመንደሩ ሁሉ እየተናገረች ነው፤ የኔ ልጅ ሰደቃዋ አያልቅም፣ ከአዋቂ በልጣለች ትላለች። ዘይቱናም እንዲህ ያለ ልጅ አላህ ለሁሉም ይስጥ አለች። እኔም ኮራሁ። ለሁለት ዓመት ስለ ኢክራ በጎ ነገር ሰምተን አናውቅም።

ብቻ ከስታለች። ፆም ነው።

የካቲት 25፣ ረቡዕ፣ ሚኒባስ

የክፍል ኃላፊዋ መምህር ወንድምአገኘሁ ደወለልኝ። ሥራ መሀል፣ ማሽኑ እየጮኸ። ኢክራ መጽሐፎቿንና ደብተሮቿን ለተማሪዎች አከፋፈለች፣ ልትዘዋወር ነው ወይ አለኝ።

"ረመዳን እኮ ነው መምህር። ሰደቃ ነው።"

"ደብተሯንም? የፈተናዋን ደብተር?"

እህቴ እጇ ለጋስ ነው አልኩት። እሱ ግን ደስ አላለኝም፣ እባክሽ አናግሪያት አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት ማለት ይቻላል። ልጆቹ "ወፈፌ" ሲሏት ጥቁር ሰሌዳ ሲያጠፋ የነበረ ሰው ነው፤ ዛሬ ስለ ደብተር አሳሰበው። ክርስቲያን ስለሆነ አይገባውም ብዬ አሰብኩ። ወዲያው እማዬን መሰልኩ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ስሳፈር ሱሀይብ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሥራ ላይ ስልክ ሳወራ አይቶኝ ነበር። ማን ነው የደወለው አለኝ። የመጋረጃ ሰፊው አልኩት።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ኢክራ ሌሊት አትተኛም። መኝታችን አንድ ክፍል ነው፣ ስትገላበጥ እሰማለሁ። ዛሬ ጠዋት ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር ወድቆ ቆርቆሮው ሲጮህ ጠረጴዛ ስር ገባች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በአሥራ አራት ዓመተ ምሕረት በጦርነቱ ከደሴ ሸሽተን በኮምቦልቻ በኩል ሐርቡ ድረስ በእግር ስንሄድ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። መንገድ ላይ አይታ የነበረውን እኔም አይቻለሁ። ስለዚያ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር እማዬ "አብሽሪ፣ አልፏል" ትላታለች። አባባ ተነስቶ ይወጣል። እኔ ደግሞ አይዞሽ ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ጥሩ አድርጌ ነው የምቀይረው፣ የፋብሪካ ቀልድ አለኝ።

የካቲት 10 የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። "እማዬ ወሰነች" ይላል። ውሸት ነው። እማዬ ትፆማለች ነው ያለችው። የጠዋቱ ይቆይ፣ የማታው ይበቃታል ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ቤት ቢሆን ይህን ያለችውን ሴት ፊቷን እሰብረው ነበር። እትዬ መዲና ሲመጡ ኢክራ መሀላችን ተቀምጣ በተምር ስታፈጥር እንዲያዩ ፈለግሁ። አንዲት ማታ ብቻ። ለአንዲት ማታ ሠላሳ ቀን።

ከኢድ በኋላ ይስተካከላል። ኢንሻአላህ።

መጋቢት 6፣ እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት

እንግዶቹ ለመግሪብ፣ ለማፍጠሪያው ይደርሳሉ። አንሶላ ልቀይር የኢክራን ፍራሽ አነሳሁ። የተምር ካርቶን። ውስጡ መድኃኒት። እንዲቆይ ያልነው የጠዋቱም፣ የማታውም። ለእማዬ ከተውኩት ወዲህ አንዱንም አልዋጠችም።

ረስታው ይሆናል።

ረስታው አይደለም። ጀሊላ፣ አንቺ ደደብ። ሰዓቱ፣ ቀሚሱ፣ ደብተሩ። አፉ በሉኝ ያለችው። ሰደቃ አልነበረም። እየተሰናበተችን ነበር፤ እኛ ማሻአላህ እያልን ተቀበልናት።

ሂጂ ጠይቂያት። አሁን። መጻፍሽን ተይ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ፣ ሆስፒታል ኮሪደር

ተኝታለች። አባባ አጠገቧ ነው። 

ትናንት ካርቶኑን በነጠላዬ ስር ይዤ ኩሽና ገባሁ። ኢክራ ሳምቡሳ እየጠቀለለች ነበር።  ቀስ አድርጌ ላለዝበው አሰብኩ፣ ከዚያ ተውኩት።

"ኢክራ፣ ልትሞቺ እያሰብሽ ነው?"

እጇ አልቆመም። የሳምቡሳውን ጫፍ በሊጥ አጣበቀችና ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠችው።

"ከኒካሽ በኋላ ነው ያሰብኩት" አለች። "እንዳላበላሽብሽ።"

እንግዶቹ ይሂዱና ዕቃውን አጥባለሁ እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። እስከ ኒካው ቻይው ብያት የለ? ቻለችው። ቀን እየቆጠረች እኔን ታዛ ቻለችው። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ የምጮኽበት ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን ሳይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ውኃ ቀድቼ ጠጪ አልኳት። ሰዓት ፈለገች፤ ሰዓቷ እኔ እጅ ላይ ነበር። መግሪብ ገና ነው አለች። ጠጪ አልኩሽ አልኳት። ጠጣች፣ አንዱን ጨርሳ ሌላ ቀዳች፣ ሁለተኛውንም ጨረሰች። ስንት ቀን ጠምቷት ነበር?

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምን እንደሰማች አላውቅም፤ ያለችው ግን ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው ነው። ነገ በጠዋት ውሰጃት፣ አንድ ማታ ነው፣ ከዓይኔ አላወጣትም፣ ወላሂ አለች። አንድ ማታ ነው የሚለው የኔ ቃል ነበር፣ ከአፏ ስሰማው ጠላሁት።

"እማዬ፣ አጎቴን ወንዝ አልወሰደውም" አልኳት።

ዱቄት ማስቀመጫው ላይ ተቀመጠች።  ባጃጅ የጠራው አባባ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ "እኔ እይዛታለሁ" ሲል ሰማሁት፤ መንገዱን ሁሉ እጇን አልለቀቀም።

ሲስተር ኩኩ ተረኛ ነበረች። ካርቶኑን ሰጠኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፆሙን፣ የጠዋቱን መድኃኒት ያስቀረሁት እኔ መሆኔን፣ ጠረጴዛ ስር መግባቷን፣ ፉርቃንን። ጻፈች። አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መጠየቄ ነገሩን አባብሶት እንደሆነ ጠየቅኳት። "ስለጠየቅሻት ነው የነገረችሽ" አለችኝ። "ሁለት ዓመት ሙሉ የሚጠይቃት ስትጠብቅ ነበር።"

ማታ ሱሀይብ ደወለ። እቤታችሁ ነን፣ የት ነሽ አለኝ። ነገርኩት።  እናትሽ እኮ ለእናቴ ታይፎይድ ነው አሏት አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ሳቅኩ፣ ሰው ዞሮ አየኝ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ሥራ አልሄድኩም። ሱሀይብ መጥቶ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆመን አወራን። የተናደደው በኢክራ ሕመም አይደለም። አንድ ዓመት ተኩል አንድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠሽ አለኝ።  እውነቱን ነው።

እናቱ እትዬ መዲና ቀኑ እንዳለ ይሁን ይላሉ፣ ሰው ተጠርቷል፣ ልጅቷም እስከዚያ ይሻላታል። ቀን የለም አልኩት። ኢክራ ከዚያ ቀን በኋላ ብላ አስባ ስለነበር ቀኑን አንስቼዋለሁ፤ መቼ እንደሚሆንም አላውቅም። እጠብቃለሁ አላለም። እሄዳለሁም አላለም። ለኢክራ ሎሚ ይዞ መጥቶ ነበር፣ ሰጥቶኝ ሄደ።

ለኢክራ ስነግራት አበደች። ይህን ቃል ዛሬ ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እንደ ማንኛዋም እህት አበደች ማለቴ ነው። ማን አርጊ አለሽ፣ በኔ አታሳቢ፣ ኒካሽን በኔ ላይ ልትጭኚው ነው ብላ ጮኸችብኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙ። እኔም ጮኽኩባት። እስከ ኒካው ያልኩሽ ለራሴ ብዬ ነው፣ ተሳስቻለሁ፣ አንቺ ግን ደብቀሽኛል፣ ተናድጄብሻለሁ አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ስለ ሐርቡ መንገድ ትንሽ ነገረችኝ። ወሬ አልቀየርኩም። በጣም ከባድ ነው፣ ወሬ አለመቀየር።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ፆሙ ገና አላለቀም። ሲስተር ኩኩ ምግብ ከቤት ይምጣላት፣ የለመደችውን ስትቀምስ መድኃኒቱም ይስማማታል ብላ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንቁላል ጠበስኩ። ቤቱ ሁሉ ሸተተ፤ በረመዳን ጠዋት የእንቁላል ሽታ እስከ መንገድ ይሰማል። እማዬ ከእሑድ ጀምሮ አላናገረችኝም። ዝም ብላ መጣችና ሳህኑን በወፍራም ፎጣ ሸፈነችው፣ ጫፍ ጫፉንም ጠቀጠቀችው። እንዳይበርድ አልነበረም።

የግቢውን በር ስከፍት ዘይቱና ደጇን እየጠረገች ነበር። አፍንጫዋን አነሳች። ምን ይዘሽ ነው በጠዋቱ፣ ለማን ነው አለችኝ። እማዬ ከኋላዬ ቆማለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። ታይፎይድ የሚለው ቃል በሁላችንም ምላስ ላይ የተዘጋጀ ነው።

ፎጣውን አነሳሁት።

"የኢክራ ቁርስ ነው" አልኩ። "የአእምሮ ሕመም አለባት። ሆስፒታል ተኝታለች፣ ዘንድሮ አትፆምም።"

መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ነው የተናገርኩት። ዘይቱና መጥረጊያዋን አቆመች። ያ ረቢ፣ ለምን አልነገራችሁንም አለች።  እማዬ በሩን አልዘጋችም፤ ባጃጅ አግኝቼ እስክሄድ ድረስ ክፍት ሆኖ እሷም እዚያው ቆማ ነበር።

ስደርስ እንቁላሉ አልበረደም። ኢክራ ግማሹን በላች።